የመጀመሪያውን ዓሣ የቀቀለው ሰው

ናጊሳ ሳኬውን፣ የሩዙን ጠጅ፣ ላለመጠጣት ምክንያት ነበራት፤ ዓሣውን ላለመብላት ግን አልነበራትም። ለሳኬው «መኪናውን የምነዳው እኔ ነኝ» ካለች አለቀ፤ በኮይሶ ወደብ ጠጥቶ የሚነዳን ሰው የገዛ እናቱም አታነጋግረውም። ለዓሣው ግን ምን ትበል? አባቷ ቶኩጂ ሱሺ ቤት ከከፈተ አርባ ዓመት ሊሞላው ነው፤ እሷም ጥርስ ሳታበቅል ጀምራ እዚያው ባንኮኒ ሥር እየዳኸች ነው ያደገችው። የቶኩጂ ልጅ ጥሬ ዓሣ አልበላም ካለች ወይ ታማለች ወይ አርግዛለች፤ ሌላ ሦስተኛ ነገር ለማንም አይታየውም።

ማርገዟ ደግሞ እውነት ነው። አራተኛ ወሯን ይዛለች። ይህን የምታውቀው እሷ፣ ባሏ ሹንጎና የምትከታተላት ሐኪም ብቻ ናቸው። ሌላው ዓለም በአምስተኛው ወር፣ በቀን መቁጠሪያው የውሻ ቀን በሚባለው ዕለት፣ ሆዷ ላይ የእርግዝና መቀነቱ ሲታሰር ይስማ ብላ ቆርጣለች። ውሻ ምጥ አይጠናባትም ይባላልና እናቷም አያቷም መቀነታቸውን ያሰሩት በዚያው ቀን ነው። እስከዚያ ግን ጭጭ።

ጭጭ ያሰኛት ያለፈው ዓመት ነው። ያኔ ገና ሁለተኛ ወሯን ሳትጨርስ ደስታው አላስችል ብሏት ለአባቷ ነገረችው። ቶኩጂ ደግሞ እጁ የተባረከ፣ አፉ መዝጊያ የሌለው ሰው ነው። ሽርጡን እንኳ ሳይፈታ ወደ ዓሣ አጥማጆች ማኅበር ሮጠና ማዕበል ሲመጣ የሚለፈፍበትን ድምፅ ማጉያ ነጥቆ «ልጄ አርግዛለች፣ አያት ልሆን ነው» ብሎ ለወደቡ ሁሉ አወጀ። መረብ ላይ የነበሩት ጀልባዎች ሳይቀሩ ጥሩምባቸውን ነፉለት። ያን ዕለት ማታ ባንኮኒው ፊት አስቀምጧት፣ ለማንም ደንበኛ ያልቆረጠውን ዓሣ እየቆረጠ፣ «ይኼ ለአጥንቱ፣ ይኼ ለዐይኑ» እያለ በገዛ እጁ አጎረሳት።

ወር ሳይሞላ ፅንሱ ጨነገፈባት። ሲጮህላት የነበረው ወደብ ሁሉ ፊቱን አጨፍግጎ፣ ብርቱካን በከረጢት አንጠልጥሎ፣ ተራ በተራ መጣ። ናጊሳ ያን ሁሉ «አይዞሽ» ከምትሰማ በጥፊ ብትመታ ትመርጥ ነበር። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና የተነገረውን መልሶ መዋጥ አይቻልም፤ ለነገሩት ሰው ሁሉ ደግሞ መርዶውንም መንገር ግድ ሆነ። ከዚያ ወዲህ እሷና አባቷ ስለ ዝናቡ፣ ስለ መኪናው፣ ስለ ሩዝ ዋጋ ያወራሉ፤ ስለዚያ ነገር ግን አንድ ቀን ተነጋግረው አያውቁም። እሱ አይጠይቅም፣ እሷም አትነግረውም።

ዛሬ ባትመጣ ደስ ባላት ነበር። ነገር ግን ዛሬ የዓመቱ የመጀመሪያ ካትሱኦ ዓሣ የሚበላበት ቀን ነው። ካትሱኦው ከደቡብ ሞቃቱን ውኃ ተከትሎ ይመጣና፣ ከኮይሶ ጀልባዎች መጀመሪያ የያዘው ጀልባ ዓሣውን ለአንዱ ሱሺ ቤት ያስረክባል፤ አንድ ዓመት ለቶኩጂ፣ አንድ ዓመት ለባላንጣው ለካንጂ። ተራ የደረሰው ቆርጦ ያቀርባል፣ ተራ ያልደረሰው በእንግድነት ተቀምጦ እንከን ይፈልጋል። ዘንድሮ ተራው የቶኩጂ ነው። በእንዲህ ያለ ቀን የባለቤቱ ልጅ ከቀረች ጀልባው ተሰደበ ማለት ነው።

ስለዚህ መጣች፤ ስትመጣም ዘዴ ይዛ ነው። ሹንጎ የተራራ አገር ሰው ነው፤ ቀያሽ ነው ሥራው፤ ሃያ ዓመት እስኪሞላው ዓሣ በቆርቆሮ ውስጥ የሚኖር ፍጥረት ይመስለው ነበር እያለ ቶኩጂ ይቀልድበታል። ይኸው ሹንጎ አጠገቧ ተቀምጦ፣ ሰው ሳያይ፣ የእሷንም ድርሻ ሊበላላት ቃል ገብቷል። መንገድ ላይ ሁሉ «ለአንቺ ስል ባሕሩንም ጠጥቼ እጨርሰዋለሁ» እያለ ሲፎክር ነበር። በሩን አልፈው ሲገቡ ግን እናቷ ፉሳኤ መቀመጫውን ደልድላ ጨርሳለች። ናጊሳን ዓሣውን ከያዘው ከሽማግሌው ካፒቴን ከሄይሃቺ ጎን አስቀመጠቻት፤ ሹንጎን በዚያኛው ጫፍ፣ ካንጂ ጎን። በመካከላቸው የጀልባው ሰዎች ትከሻቸውን አስፍተው ተደረደሩ። የሹንጎ ፉከራ እዚያው በር ላይ ካወለቀው ጫማ ጋር ቀረ።

ቶኩጂ ከባንኮኒው ጀርባ ቆሞ፣ ጭንቅላቱን በነጭ ጨርቅ ጠምጥሞ፣ ዓሣውን ሊቆርጥ ቢላዋውን ያብሳል። ከቀትር በፊት ያለው ፀሐይ በመስኮቱ ገብቶ መክተፊያው ላይ አርፏል። ካትሱኦው ጀርባው ጥቁር ሰማያዊ፣ ሥጋው የበሰለ ቲማቲም የመሰለ ቀይ ነው። ናጊሳ አፏ ምራቅ ሞላ። የሚያናድደው ይኸ ነው፤ ብትጠላው ኖሮ እዳው ገብስ ነበር።

ካንጂ የነገር መክፈቻ አላጣም። ምራቱ ስድስተኛ ወሯን ይዛለች፤ ዛሬ ያልመጣችውም ሐኪም ጥሬ ዓሣ ስለ ከለከላት ነው ብሎ አማረረ። የዓሣ አገር ምራት ዓሣ ተከልክላ ሾርባ በዳቦ ስትበላ ማየት ምንኛ ውርደት እንደ ሆነ ዘረዘረ።

ፉሳኤ ሳህን እያቀረበች፣ እሷ ናጊሳን ያረገዘች ጊዜ ጠዋት ጥሬ ዓሣ፣ ማታ ጥሬ ዓሣ ስትበላ እንደ ነበር፣ ልጂቱም ይኸው ሁለት ዐይን አንድ አፍንጫ ይዛ እንደ ወጣች ተናገረች።

«ለዚህ ነዋ ግትር የሆነችው» አለ ካንጂ።

ካፒቴን ሄይሃቺ ደግሞ የእናቱን ቃል ጠቀሰ፤ እርጉዝ ሴት ስምንት እግር ያለውን ዓሣ ከበላች አጥንት የሌለው ልጅ ትወልዳለች ይሉ ነበር አለ። ከጀልባው ሰዎች አንዱ አጥንት የሌለው ሰውማ ማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ውስጥ ተቀጥሮ ይሠራል አለና ሁሉም ሳቁ። ክርክሩ ጦፈ። አንዱ ድሮ ማን ከልክሎ ያውቃል ይላል፤ ሌላው ድሮ ስንት ሴት ለምን እንደ ሞተች ማን ጠይቆ ያውቃል ይላል። ናጊሳ ፍርድ እንዳትጠየቅ ሻይዋን በሁለት እጅ ይዛ ፊቷን ጽዋው ውስጥ ደበቀች።

ሹንጎ ዝም ቢል ምን ነበረበት? አልቻለም። ጉሮሮውን ጠረገና ነገሩ እንዲህ ነው ብሎ ጀመረ። ጥሬ ዓሣ መርዝ አይደለም፤ ብዙ ሴቶች በልተውት ምንም አልሆኑም። ነገር ግን በዓሣው ውስጥ ትል ወይም ጀርም ካለ፣ ያረገዘች ሴት ከሌላው ሰው ይልቅ ትጠቃለች፤ አንዱ ጀርም እናቲቱን ትንሽ አተኩሷት ለፅንሱ ግን ክፉ ይሆናል፤ መድኃኒቱም እንደ ልብ አይሰጥም። ደኅና አድርጎ ከበሰለ ግን ትልም ጀርምም ይሞታል፤ ዓሣ ራሱ ለልጁ ጥሩ ነው። ትልልቆቹን ዓሦች ብቻ፣ እንደ ትልቁ ቱና ያሉትን፣ በስለውም ቢሆን ማብዛት አይገባም፤ በሥጋቸው የሚጠራቀም ሜርኩሪ የሚባል መርዘኛ ብረት አለ። ይህን ሁሉ አንዴም ሳይተነፍስ፣ ለመንጃ ፈቃድ ፈተና እንደ ሸመደደ ሰው አወረደው። እውነትም ሐኪሟ የነገረቻቸው ቃል በቃል ይኸው ነበር።

ሁሉም ሰው ወደ ቀያሹ ዞረ።

«ይኼን ሁሉ የት ተማርከው አንተ?» አለ ካንጂ። «መሬት ስትለካ?»

ሹንጎ ጆሮው ቀላ፤ «ጋዜጣ ላይ አንብቤ ነው» አለ። የጀልባው ሰዎች በጋዜጣ አንባቢው አማች ላይ እየተቀባበሉ ሳቁ። ቶኩጂ ብቻ አልሳቀም። ቢላዋውን አንሥቶ አማቹን ትንሽ ቆየት ብሎ አየውና ወደ ዓሣው ተመለሰ። ናጊሳ ይህን አላየችም፤ ዐይኗን ጨፍና ባሏን በልቧ ስትረግም ነበር።

የመጀመሪያው ቁራጭ ለሁሉም ቀረበ። በኮይሶ የዓመቱን የመጀመሪያ ዓሣ የሚቀምስ ሰው ወደ ምሥራቅ ዞሮ መሳቅ አለበት፤ ከሳቀ ሰባ አምስት ቀን ዕድሜ ይጨመርለታል። ካፒቴን ሄይሃቺ በዚህ ስሌት ዕድሜ ሲያጠራቅም ኖሮ ሞት ራሱ ተራውን የረሳው ይመስላል። ምሥራቁ ባሕሩ ነው፤ ባሕሩ ደግሞ በበሩ በኩል ነው። ስለዚህ ባንኮኒው ፊት የተቀመጠው ሁሉ ቁራጩን በመብያ እንጨቱ ይዞ፣ ወንበሩ ላይ ወደ በሩ ዞሮ፣ ጎርሶ ይስቃል።

ናጊሳ ለዚህ ተዘጋጅታ ነበር። ሰው ሁሉ ባሕር ባሕሩን ሲያይ ጎረቤቱን የሚያይ የለም። ከሌሎቹ ጋር ዞረች፤ ቁራጩን ወደ አፏ አስጠግታ መልሳ ጭኗ ላይ በተዘረጋው መሀረብ ጠቅልላ ኪሷ ከተተችው። ከዚያ ከሁሉም አብልጣ ሳቀች። አየር አላመጠች፣ አየር ዋጠች። ካፒቴኑ በጎኑ እንዲህ ያለ ሳቅ ሰምቶ ስለማያውቅ ደስ ብሎት ትከሻዋን መታ መታ አደረጋት። በዚያኛው ጫፍ ሹንጎ ጎርሶ፣ ስቆ፣ ዐይኑ እንባ አቀረረ።

አንድ ነገር ግን ዘንግታለች። ከባንኮኒው ጀርባ የቆመ ሰው አይዞርም። ፊቱ እንደ ቆመ ወደ ምሥራቅ ነው፤ እንግዶቹ ሁሉ ሲዞሩ ጀርባቸውን የሚሰጡት ለእሱ ነው። ልጅ ሳለች ይህን አሳምራ ታውቅ ነበር፤ በዚህ ሰዓት የእናቷን ጣፋጭ ከሳህን ስትሰርቅ ሁልጊዜ የሚይዛት አባቷ ነበርና። ሰው ሲጨንቀው የሚያውቀውን ይረሳል።

ሁሉም ወደ ቦታው ሲመለስ ቶኩጂ አንገቱን ደፍቶ ይቆርጣል። ፊቱ ላይ ምንም የለም። ናጊሳ አንዱን ጣጣ አለፍኩት ብላ ተነፈሰች።

ሁለተኛው ጣጣ ግን ጎኗ ተቀምጧል። ካፒቴን ሄይሃቺ ሁለተኛው ሳህን ሲቀርብ ከሆድ ዕቃው በኩል ያለውን፣ ስብ የመታውን ትልቁን ቁራጭ መረጠና በክብር እሷ ሳህን ላይ አኖረው። ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ ሽማግሌ ድምፁን ዝቅ ሲያደርግ ደግሞ ቤቱ ሁሉ ይሰማል።

«ልጄ፣ አምና ያገኘሽን ኀዘን ባሕር ላይ ሆነን ነው የሰማነው። ያን ዕለት መረብ አልጣልንም። ይኼን ዓሣ ስይዝ መጀመሪያ ያሰብኩት አንቺን ነው። ብዪ፣ ፊቴ ብዪልኝ።»

እንግዲህ ምን ይደረጋል? ከዚህ ሽማግሌ እጅ የመጣን ጉርሻ መመለስ ማለት ፊቱ ላይ በር መዝጋት ማለት ነው። መዞር የለም፣ መሀረብ የለም። ካፒቴኑ በእነዚያ ጨው በበላቸው ዐይኖቹ አፍ አፏን ያያል። ፉሳኤም ትሪ ይዛ ቆማ ታያለች። አልበላም ካለች ሁሉም በአንድ ጊዜ ይገባቸዋል፤ ነገ ጠዋት ወደቡ በሙሉ ያውቃል፤ ከነገ ጀምሮ ሰው ሁሉ ሆድ ሆዷን እያየ ቀን ይቆጥራል። ከበላች ደግሞ፣ ምንም ላይሆን ይችላል። ምንም አለመሆኑ አይቀርም። ግን አንድ ነገር ቢፈጠር በቀረ ዕድሜዋ ይህቺን ቁራጭ ስታስባት ትኖራለች። መብያ እንጨቷን አነሣች።

«ጋሼ ሄይሃቺ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለ ቶኩጂ። እጁን በባንኮኒው ላይ አሻግሮ ሳህኗን አነሣ። «ያ ቁራጭ አይበላም። ትል አለበት።»

በኮይሶ የሱሺ ሠሪ አፍ ይህን ቃል አውጥቶ አያውቅም። ካፒቴኑ የጎረሰውን እንደ ያዘ ቀረ። ቶኩጂ የሁሉንም ሳህን ተራ በተራ እየሰበሰበ ተናዘዘ፤ ጠዋት ዓሣው እንደ መጣ ሆዱን ወዲያው መክፈት ነበረበት፤ እሱ ግን በር ላይ ቆሞ ከአላፊ አግዳሚው ጋር ሲያወራ ቆየ፤ ያን ጊዜ ትሉ ከአንጀቱ ወደ ሥጋው ሾለከ። ጥፋቱ የጀልባው አይደለም፣ የእሱ ነው። ቶኩጂ ወሬ ላይ ቆየ ቢባል የማያምን ሰው በወደቡ ስለሌለ፣ ይህንንም ሁሉም አመነ።

ከዚያ ወዲያ የሆነው ሳቅም ለቅሶም ነው። ሹንጎ ፊቱ አመድ መሰለ፤ ከመዋጡ በፊት ስንቴ እንዳላመጠ ለማስታወስ ሲሞክር ይታይ ነበር። ካንጂ ሆዱን ይዞ አንዳች ነገር ሲላወስ እየተሰማው መሆኑን አስታወቀ። ቶኩጂ የመጀመሪያዎቹ ቁራጮች ከዓሣው ጀርባ በኩል ስለሆኑ፣ አንድ በአንድም ስላያቸው፣ ንጹሕ ናቸው ብሎ ማለ። ካንጂ ሊተወው ነው? ከወንበሩ ተነሥቶ በባንኮኒው ላይ ተንጠራራ።

«እስቲ ትሉን አሳየኝ። በሙያ ጓደኝነታችን።»

«ተቀመጥ ካንጂ። ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል።»

«ዓሣውማ ምን አደረገ? ዓሣ ግማቱ ከወደ አናቱ ነው፤ የዚህም ሱሺ ቤት ችግሩ አናቱ ላይ ነው» አለ ካንጂ። የጀልባው ሰዎች ሊስቁ ፈልገው ካፒቴኑን ፈሩ።

በሌላ ቀን ቢሆን ቶኩጂ ለአንዲቷ ስድብ ዐሥር ይመልስ ነበር። አሁን ግን ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣና ዓሣውን ይዞ ከመጋረጃው ኋላ ወዳለው ማብሰያ ቤት ገባ። ወዲያው የእሳቱ ድምፅ ተሰማ። በመጀመሪያው ካትሱኦ ላይ እሳት አይነሣም፤ ይህ ሕግ የትም አልተጻፈም፣ ሕፃን ሁሉ ግን ያውቀዋል። ካፒቴን ሄይሃቺም የከርሞው ዓሣ በተራው ወደ ካንጂ እንደሚሄድ፣ ከዚያ በኋላም ቢሆን ቶኩጂ ምላሱን አሳርፎ እጁን እስኪያሠራ ድረስ ተራ እንደማይኖረው ተናገረ። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ ዓሣ አክብሮ የኖረ ሰው ስለሆነ ነው። ፉሳኤ ትሪዋን አስቀምጣ ፊቷን አዞረች።

ናጊሳ በሆዷ ለባሕር አማልክት ምስጋና ታቀርባለች። እንዴት ያለ ዕድል ነው! ትል ደርሶ ያወጣኛል ብላ መቼ አስባ ታውቃለች? ወዲያው ደግሞ ደስታዋ አሳፈራት። አባቷ በሰው ፊት ተዋርዶ እሷ ትሉን ታመሰግናለች።

ዓሣው በዝንጅብልና በአኩሪ አተር ስጎ ተቀቅሎ፣ ጎድኑ በጨው ተጠብሶ፣ ትኩስ ሩዝ ይዞ መጣ። እንግዶቹ ለቀስተኛ መስለው በሉ። ናጊሳ ግን ወራት ሙሉ ከአባቷ እጅ ዓሣ የናፈቃት ሴት ናት። የመጀመሪያውን ሳህን ጨርሳ ሁለተኛውን ስትጠይቅ ካፒቴኑ እንኳ ፊቱ ፈታ አለ፤ የወደብ ልጅ ትል አይፈራም ብሎ አሞገሳት። ካንጂ የቶኩጂ ቤት ሰዎች የማያፍሩ ናቸው አለ።

ሦስተኛውን ሳህን ለመሙላት እሷው ራሷ ወደ ማብሰያ ቤት ገባች። አባቷ ጀርባውን ሰጥቶ ድስቱን ያማስላል። መክተፊያው ላይ፣ በእርጥብ ጨርቅ የተሸፈነ፣ ገና ያልተቀቀለው የዓሣው ግማሽ አለ። ናጊሳ የዚህ ቤት ልጅ ናትና ሳታስበው ጨርቁን ገለጠችው። ሥጋው ከዳር እስከ ዳር ቀይ ነው። ከሆድ ዕቃው በኩል፣ ትል ካለ መጀመሪያ የሚገኝበት ቦታ፣ እንደ መስታወት ጠርቶ ይታያል። ከብርሃኑ ፊት አንሥታ አየችው። ምንም የለም።

«አባዬ፣ ትሉ የታለ?»

«ተቀቀለ» አለ ቶኩጂ፣ ሳይዞር።

«ይኼኛውስ ወገን?»

ማማሰሉን አላቆመም። ናጊሳ ዓሣውን አስቀመጠች። ኪሷ ውስጥ ያለው መሀረብ እርጥበቱ ወደ ጭኗ አልፎ ተሰማት፤ ያን ጊዜ ባንኮኒው ትዝ አላት፣ ማን ወዴት ዞሮ እንደ ቆመ ትዝ አላት።

«አባዬ፣ እኔ...»

«እንዳትነግሪኝ!» ጭልፋውን አነሣ። «እባክሽ ልጄ፣ እንዳትነግሪኝ። አፌን ታውቂዋለሽ። ያልሰማሁትን አልናገርም። የምትነግሪኝ ቀን ሲደርስ ትነግሪኛለሽ፣ እኔም እደነግጣለሁ። ከዛሬ ጀምሬ መደንገጥ እለማመዳለሁ።»

ናጊሳ ሳቋ መጣ። ሳትስቅ ግን ቀረች፤ የአባቷ ትከሻ ሲንቀጠቀጥ አየች።

«ጋሼ ሄይሃቺ ሲያጎርሱሽ ሳይ...» አለና ቆመ። ይህ ሰው ለቃል ሲቸገር አይታ አታውቅም። «አምና በእኔ እጅ ነው የበላሽው። ይኼ ለአጥንቱ፣ ይኼ ለዐይኑ እያልኩ። ዘንድሮ እንኳ ከእኔ ቤት አይሁን ብዬ ነው።»

ዓመት ሙሉ ስለ ዝናብ ያወሩበት ምክንያት ለናጊሳ አሁን ገባት። አባቷ እሷን ላለማሳዘን የዘለለው ይመስላት ነበር። እሱ ግን የማይጠይቀው መልሱን ስለፈራ ነው። እሷ ደግሞ ያልነገረችው አልጠየቀም ብላ ነው።

«አባዬ፣ ዓሣው አይደለም እኮ» አለች። «ያኔውኑ ጠይቄያት ነበር፣ ሐኪሟን። የበላሁትን ሁሉ ነግሬያታለሁ። ፅንሱ ከጅምሩ አልተስተካከለም ነበር፤ ብበላም ባልበላም አይቆይም ነበር አለችኝ። መርምረው ነው የነገሩኝ። አሁን የተውኩት ያልታየ ነገር እንዳይመጣ ስለምፈራ ነው እንጂ፣ በአንተ እጅማ ምንም አልሆንኩም።»

ቶኩጂ ዞረ። እጁ ላይ ያለው ጭልፋ መሬት ላይ ይንጠባጠባል።

«ያኔውኑ?»

«ያኔውኑ።»

የሩዝ ከረጢቱ ላይ ቁጭ አለ። በሁለት እጁ ፊቱን ሸፈነ፤ እነዚያ በወደቡ ሁሉ የሚመሰገኑ እጆች ናቸው። ናጊሳ ጎኑ ተንበርክካ ሽርጡን ያዘች። ድስቱ ይንተከተካል።

ከመጋረጃው ማዶ ካንጂ ተጣራ። «ቶኩጂ፣ ትሎቹን ስም እያወጣህላቸው ነው?»

ቶኩጂ ተነሥቶ ፊቱን በቀዝቃዛ ውኃ ታጠበ፤ ጭንቅላቱ ላይ የጠመጠመውን ጨርቅ አስተካከለ። መጋረጃው ጋ ሲደርስ ቆመ።

«ሐኪሟ በእርግጥ እንዲያ ብላለች?»

«ብላለች አባዬ።»

አዲሱን ሳህን ይዞ ወጣ። ካንጂ ለሚቀጥለው ተራው ትል የሚለቅምለት ሠራተኛ ቢቀጥር እንደሚሻል መከረው። ናጊሳ ከመጋረጃው ኋላ ሆና የአባቷን መልስ ጠበቀች።

«ልክ ነህ ካንጂ» አለ ቶኩጂ። «የከርሞው ዓሣ የአንተው ነው። ከዚያ በኋላም...» ድምፁ እዚያ ላይ ተሰበረ። እንባው በሰው ሁሉ ፊት ወረደ፤ ሊያቆመውም አልሞከረም።

ቤቱ ደነገጠ። ካንጂ እንኳ መብያ እንጨቱን አስቀምጦ፣ ቀልዱን እንደ ሆነ እንጂ ከልቡ እንዳልሆነ ሊያስረዳ ሞከረ። ካፒቴን ሄይሃቺ ከወንበሩ ተነሥቶ የቶኩጂን እጅ በባንኮኒው ላይ ያዘ።

«ተው እንጂ ወንድሜ» አለው። «ለአንድ ዓሣ እንዲህ አይለቀስም።»

ናጊሳ ሰማችው። ወጥታ አላረመችውም።